ስስ በረዶ

ከሕንፃው ሥር፣ ሁለት ፎቅ ወደ ታች፣
ወንበሬ ተቀምጣለች፣
አንድ እግሯ አጭር፣ በካርቶን የታገዘች።
ሻርጃ ነው፤ አል ናህዳ። ሐምሌ ነው፤ ሌሊት ነው።
ፀሐይ ገብታለች፣ ሙቀቷን ግን ለኛ ትታው ነው የሄደችው።

ሚስተር ኮሊን መጣ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣
የተጫረውን ነጭ መኪና በጣቱ ዳብሶ፣
«ስስ በረዶ ላይ ነው» አለኝ፣ «አንተ የቆምከው»።
እግሬን አየሁ። ሲሚንቶ ነው፣ ዘይት የነካካው።
በአርባ ስድስት ዲግሪ፣ ከየት መጥቶ በረዶ?
«የስ ሰር» አልኩ፣ ዓይኔ ጫማዬ ላይ ወርዶ።

«ስቀህ ነበር?» አለኝ ቢኖይ፣ ፈረቃ ሲቀይረኝ፣
የኬረላ ልጅ ነው፣ ሻይ በላስቲክ ቋጥሮ የሚያመጣልኝ።
«አልሳቅኩም።»
«ደግ አደረግህ። በረዶው እኮ ሥራህ ነው፤
አንዲት ጭረት ብትደገም፣ መስመጥህ ነው።»

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ትምህርት ቤት ከፈትን፣
የተጣለ የፓርኪንግ ቲኬት ጀርባውን ደብተር አደረግን።
በቀን ሦስት አባባል፣ ልክ እንደ ኪኒን፣
ከራት በኋላ በውኃ የምንውጠውን።

«ክንድና እግር ያስከፍላል» — ውድ ነው ማለት ነው።
ወዲያው ገባኝ፤ ደላላዬ ሁለቱንም የወሰደው።
«ድመትና ውሻ ዘነበ» — ይቺን አቆየናት፣
ደመና እስኪመጣ፣ መስታወት ሥር ሸጎጥናት።
«ዓይንህን መኪናው ላይ አድርግ» — ይህስ የኛም ነው፣
ከቤት ስንወጣ ጎረቤትን «ዓይንህን ጣል አድርግበት» የምንለው።
ለካ እንግሊዝም ዓይኑን አውጥቶ ይጥላል!

በተራዬ ሳስተምረው፣ «ሆዴን ባር ባር አለው» አልኩት፣
«ኪኒን አለኝ» ብሎ ተነሣ፣ እጁን ይዤ አስቀመጥኩት።
«ሆድ ይፍጀው» አልኩ ቀጥዬ። ይህን ግን ወደደው።
«ምን ማለት ነው?»
«አፍህ ድረስ መጥቶ፣ መልሰህ የዋጥከው።»
ክብ ክብ በሆነው ፊደሉ፣ ጆሮ ጌጥ በሚመስለው፣
ቲኬቱ ላይ ጽፎ፣ ደረት ኪሱ ከተተው።

ልምምዴ ከላንድክሩዘር ጋር ነበር።
«ጉድ ኢቭኒንግ ሰር፣ ዛሬ ከአየሩ ሥር ነዎት?» ስል፣
መብራቱን አጥፍቶ ዝም ሲል፣
ካሜራው ከጣሪያ ላይ እያየኝ፣ ቀይ ዓይኑ ቦግ እልም ሲል።

ላይ ቤት ቦታ ተከፈተ፤ እንግዳ መቀበያ፣ ከረባት ያለው።
ለፈተና ስወጣ ቢኖይ «እግርህን ስበር!» አለኝ፣ ደስ ብሎት ነው።
«ባገሬ ይህ እርግማን ነው።»
«ባገራቸው ምርቃት ነው።»
ገባሁ። ኮሊን ያለ አንዳች አባባል፣
ስሜን ጠየቀኝ፤ ዕድሜዬን፤ ኮምፒውተር ትችላለህ ወይ አለኝ።
ኪሴ ሙሉ ቲኬት እንደያዝኩ፣ «ከሰኞ ጀምር» ተባልኩ።

ምድር ቤት ደግሞ ማሽን ገባ፣
ክንዱን የሚያነሣ፣ ደመወዝ የማይል፣ ሻይ የማይጠጣ።

«ከረጢቱን ሰጡኝ» አለ ቢኖይ። አዲስ አባባል መስሎኝ፣
እስኪብርቶ አወጣሁ፣ ትርጉሙን እንዲያጽፈኝ።
አጻፈኝ።
እኛ ብንሆን «ከእንጀራው ተፈናቀለ» ነበር የምንለው።
ከዚያ ግን ከረጢቱን አየሁት፣ የእውነቱን፣
ሰማያዊ የሩዝ ከረጢት፣ ሰባት ዓመቱን ያጨቀበትን፣
አፉን በጫማ ክር ያሰረውን።

የኤርፖርቱ ሚኒባስ ሊነሣ ሲል መስኮቱን ከፈተ፣
አንድ ነገር ሊናገር ኪሱን ፈተሸ፣ ቲኬቱን አጣ፣ ተወ።
ከራሱ አውጥቶ፣ «ሆድ… ይብላው» አለኝ።
አላረምኩትም።

ላይ ወጣሁ። ከረባቱ ያንቀኛል።
ማቀዝቀዣው አሥራ ስምንት ላይ ነው፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።
ወለሉ ነጭ ነው፤ ያበራል፤ ፊቴን ከታች ያሳየኛል።
እብነ በረድ።
ስሙን ስጠራው ኖሬ፣ በረድ እንዳለበት ዛሬ ገና ሰማሁ።
ጫማዬን ቀስ አድርጌ አሳረፍኩ፣
አንዱን፣
ከዚያ ሌላውን።